ስድስት ጨረር ለአንድ ክርን

ክርኔን የያዘኝን በሽታ ሐኪሞች «የቴኒስ ክርን» ይሉታል። እኔ ቴኒስ ተጫውቼ አላውቅም፤ ኳሱንም በቅርብ ያየሁት የጎረቤቴ ውሻ ሲያኝከው ነው። ሆሳዕና ላይ ሠላሳ ዓመት እንጨት ስልግ፣ ሚስማር ስመታ፣ በካቻቢቴ ብሎን ሳጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ደግሞ በሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ስሜ ማቴዎስ ነው፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት። ሕመሙ ከክርኔ ውጪ በኩል ይነሳና እስከ እጄ አንጓ ይወርዳል። የሻይ ብርጭቆ ማንሳት፣ በር መክፈት፣ ከሁሉም በላይ ሰው መጨበጥ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ክኒን ዋጥኩ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ክንዴን በማሰሪያ አሰርኩ፣ የታዘዘልኝን እንቅስቃሴ ሁሉ ሠራሁ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሕመም በአነስተኛ መጠን ጨረር የሚያክም የግል ሕክምና ቦታ እንዳለ ነገረችኝና ደብዳቤ ጻፈችልኝ።

ይህን የምጽፈው እናንተ የማሠልጠኛው ባልደረቦቼና የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በየመንገዱ እያስቆማችሁ «እንዴት ነበር?» ስለምትሉኝ ነው። ሁሉንም አንድ ጊዜ ልንገራችሁና ልረፍ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። የምሄደው አውቶቡሳችን አዲስ አበባ ሲደርስ ወደሚቆምበት ወደ ለቡ ሠፈር ነበር፤ ለቡ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ሉቃስ ይኖራል፤ ከሉቃስ ጋር ከተነጋገርን አምስት ዓመት አልፎናል። እናታችን የታመመች ጊዜ እኔ በስልክ «ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» እያልኩት ነበር። ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ተብለን አይደል ያደግነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። እንደ ወጋችን ሰዎች ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄደው መርዶውን አረዱት፤ እሱ ሲደርስ ግን አፈር አልብሰናት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ «እናቴን ቀማኸኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሳም። ስለዚህ ለቡ ላይ አንዲት ፔንሲዮን ይዤ፣ ታክሜ፣ ድምፄን አጥፍቼ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ወንድሜን ለማየት ግን እመኝ ነበር፤ በጣም እመኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ባለቤቴ ዘነበች እኔ ሳላውቅ ለሉቃስ ሚስት ለትዕግሥት ደውላ ነበር። «ማቴዎስ ጨረር ሊወስድ ሰኞ ይመጣል» ብላ ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፤ እሷም መልእክቱ ደርሷል ብላ ተወችው። በአገራችን ጨረር ሲባል የሚታወቀው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ካንሰር። እኔ ይህን ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ ዕብደት ይመስላችኋል።

ሰኞ

አውቶቡሱ ረፋድ ሦስት ሰዓት ተነሳ። ዘነበች አንድ ትልቅ ጥቅል ቆጮና አንድ ጣሳ ቅቤ አሸከመችኝ። ፔንሲዮን ለሚያድር ሰው ይህ ሁሉ ቆጮ ምን ያደርግለታል ብላት «መንገድ አይታወቅም» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እኔ ግራዬን ሰጠኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ክርኔን አሞኝ ነው ስላቸው ቅሬታቸው ወደ ሐዘኔታ ተለወጠና ነገሩን ለአውቶቡሱ ሁሉ አወጁት። ወራቤ ሳንደርስ ሰባት መድኃኒት ታዘዘልኝ፦ የበግ ሞራ፣ ፌጦ በሎሚ፣ የጋለ ጨው በጨርቅ፣ በንብ ማስነደፍ፣ በሽንኩርት ማሸት፣ ዳማከሴ። ሰባተኛውን ልጆችም ስለሚያነቡ አልጽፈውም። «አይ፣ እኔ እንኳ ጨረር ልወስድ ነው የምሄደው» ስላቸው አውቶቡሱ ጭጭ አለ። ከኋላዬ የነበሩ ሴትዮ ሙዛቸውን ሰጡኝ። ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ በላሁት።

ቡታጅራ ላይ ለምሳ ወረድን። ክትፎ በማንኪያ ስለሚበላ ክርኔ አመሰገነ። ቆጮአቸው ከእኛ ሆሳዕና ይሳሳል፤ ይህን ስል ቡታጅራዎች አይስሙኝ። ስንመለስ ቅቤው ሙቀት ነክቶት ከጣሳው አምልጦ የጎረቤቴን ጫማ ቀብቶት ቆየን። ሰውዬው ጎንበስ ብለው አዩትና «ግድ የለም፣ ቆዳ ቅቤ ይወዳል» አሉ። ዓለም ገና እስክንደርስ ድረስ ጫማቸውን በሶፍት ሲያሹ ነበር፤ በእውነትም አብረቅርቆ ወረደ።

ለቡ መናኸሪያ ስንገባ በመስኮቱ በኩል ሉቃስን አየሁት። ከትዕግሥት ጋር ቆሞ ነበር። ጠጉሩ ገባ ብሏል፤ እሱም አርጅቷል። ስወርድ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ራቅ አድርጎ አየኝና «ከሳህ፣ ጋሼ» አለኝ። አልከሳሁም፤ እንዲያውም ዘንድሮ ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ ለቅቄአለሁ። ግን «ጋሼ» ብሎኛልና ላርመው አልፈለግሁም፤ የቆጮውን ጥቅል አሸከምኩት።

ከቤተ ክርስቲያናችን እስከ ገበያው የማትሞላ መንገድ በኮንትራት ታክሲ ወሰዱኝ። የለቡ ሠፈራቸው ግማሹ ቤት ነው፣ ግማሹ ገና ቤት ሊሆን ያሰበ ነው። እኛ ዘንድ የሰው ጓሮ በእንሰቱ ይታወቃል፤ እዚያ ሁሉም በብረት በር ተከርችሟል። የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀቁልኝ። ሉቃስ በሳፋ ሙቅ ውሃ አምጥቶ እግሬን አጠበኝ። አምስት ዓመት ስልኬን ያላነሳ ሰው የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያሽ ሳይ፣ ጌታ የክርኔን ሕመም የላከው ለዚህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለ ፔንሲዮኑ ሁለተኛ አልተነሳም።

ማክሰኞ

ሆሳዕና ላይ ጠዋት የሚቀሰቅሰው ዶሮ ነው፤ ለቡ ላይ የሚቀሰቅሰው የሲሚንቶ ማቡኪያ ነው። ሉቃስ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሥራውን ትቶ አብሮኝ መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱን «ቀስ በል፣ በሽተኛ ይዣለሁ» እያለ ሦስት ጊዜ ተቆጣው።

የሕክምናው ቦታ ከመካኒሳ አቦ አለፍ ብሎ ነው። ዶክተሯ ክርኔን ጫን ጫን አድርጋ አየችና ነገሩን አስረዳችኝ፤ ሉቃስ የስልክ ጥሪ ይዞት ውጭ ነበር። «ለካንሰር ከምንሰጠው በጣም ያነሰ መጠን ነው» አለች። «ሥራው የተቆጣውን ቦታ ማብረድ ነው። ስድስት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ወዲያው ለውጥ አይጠብቁ፤ እንዲያውም መጀመሪያ ሊብስብዎት ይችላል። ሳምንታት ይፈልጋል። ለአንዳንድ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።» አናጢ «ላይገጥም ይችላል» እያለ በር አይሸጥም፤ ግን ሳትደብቅ በመናገሯ ወደድኳት። ለወጣት ሰው እንደማይመክሩት፣ ማሽኑም መጀመሪያ ለካንሰር ታማሚዎች ስለሆነ የእኔ ዓይነቱ በተረፈው ሰዓት፣ ከሁሉ በኋላ እንደሚገባ ነገረችኝ።

ክፍሉ ቅዝቅዝ ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ከማሽኑ ይልቅ የገረመኝ በሩ ነው፤ እንደዚያ የወፈረና የከበደ በር በዕድሜዬ አላየሁም። ማጠፊያው እንዴት እንደቻለው የማሽኑን ባለሙያ ብጠይቀው ሳቀብኝ። እኛ እንጨት ሳንቆርጥ በፊት እንደምናሰምረው ክርኔ ላይ በቀለም አራት ማዕዘን አሰመረ፤ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ማሽኑ ትንሽ አጓራ፣ ዝም አለ። «አለቀ» አለኝ። ሙቀት የለ፣ ሕመም የለ። ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም።

ቤት ስንገባ ትዕግሥት ክርኔ ላይ ያለውን መስመር አየችና ወደ ጓዳ ሮጠች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ሽንኩርት ነው» አለች።

ረቡዕ

ዛሬ ሕክምና የለም፤ መብላት ግን አለ። ጠዋት አጥሚት፣ ረፋድ ላይ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ምሳ የአጥንት ሾርባ፣ ከምሳ በኋላ የሽፈራው ቅጠል ሻይ፣ እንደገና ቀይ ሥር። እምቢ ስል ትዕግሥት «ለእኔ ሲሉ፣ ጋሼ» ትልና ታጎርሰኛለች። እኛ ቤት አጥሚት የሚሰጠው ለወለደች ሴት ነው። የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል፤ አናጢ ሆኜ ማለፍ አቃተኝና በግራ እጄ ልፈታው ስሞክር ሉቃስ ካቻቢቴውን ቀማኝ። «ዕረፍ። በቃ፣ አንተ ዕረፍ» አለኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰባት ሰዎች ሊጸልዩልኝ መጡ። ሁለቱ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ፣ አንዱ ሆዴ ላይ፣ ሌላው ጀርባዬ ላይ፤ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ጸለዩልኝ። ክርኔን የነካው የለም። በጸሎቱ መሃል ልርዳቸው ብዬ ክርኔን ከፍ አደረግሁት፤ አንዲት እህት በቀስታ ወደ ታች መለሰችው።

«ወገኖቼ፣ ያመመኝ ክርኔን ነው» አልኩ።

ተያዩ። ትዕግሥት ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዎ ጋሼ፣ ክርንዎን ነው» አለችኝ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ሐሙስ

ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ። እማማ ጫልቱ ይባላሉ፤ የፉሪ ሰው ናቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። በኦሮምኛ «አካም?» አሉኝና ሰላም እንደሆንኩ ስነግራቸው በአማርኛ ቀጠሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው ያረሱ፣ ያረቡ ናቸው። «የኔ ጤፍ የነበረበት ላይ አሁን ፎቅ በቅሏል። አራት ላም ቀርቶኛል፣ ወተት እሸጣለሁ። አንተስ የትህን ነው?»

«ክርኔን» አልኩ፣ እያፈርኩ።

«ክርን?» አሉና ሳቁ። ሻርፓቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ያ ረቢ፣ ሰው በክርንም እዚህ ይመጣል? እኔ ጡቴን ነው።» ከዚያ ጠጋ ብለው «ልጆቼ አልነገሩኝም። ‘ትንሽ ቁስል ነው’ ይሉኛል። እዚህ ቤት ለትንሽ ቁስል ማን ይመጣል? አውቄአለሁ። እነሱ እንዳይጨነቁ ብዬ የማላውቅ ሆኛለሁ» አሉኝ።

ቤት ስመለስ እየተገረምኩ ለሉቃስ ልነግረው ጀመርኩ፤ ግን ስለ ሕመም ሳነሳ ወሬ ቀየረ።

ዓርብ

ረፋዱ ላይ ቀይ ሥሬን ልደፋ ወደ ጓሮ በዝግታ ስሄድ ትዕግሥት በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አይ፣ እሱ አልተነገረውም። ክርኔን ነው እያለ ነው፤ አንጀቴን ይበላዋል» አለች።

ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ምኑን ነው ያልተነገረኝ? ከዚያ ሁሉም ነገር ተሰለፈልኝ፦ ሙዙ፣ የእግር እጥበቱ፣ ሆዴ ላይ የተጫነው እጅ። የሆሳዕናዋ ሐኪም ደብዳቤውን ያሸገችው ለምንድን ነው? ዘነበች ስሸኝ ያለቀሰችው ለምንድን ነው? ዘነበች አውቶቡስ ባየች ቁጥር የምታለቅስ ሴት መሆኗ እንኳ ትዝ አላለኝም። ሊሞት ያለ ሰው ነኝ ብዬ አመንኩ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ከፍርሃቱ የባሰው ግን ብቸኝነቱ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ይወደኛል፣ አንዱም አያናግረኝም። እናታችንንም በሽታዋን ደብቀናት ነበር። ምን ተሰምቷት እንደነበረ አምስት ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ

ዶክተሯ ፊት ቁጭ አልኩና «እኔ የእንጨት ሰው ነኝ» አልኳት። «ጣውላ ውስጡን ምስጥ ከበላው ቀለም ቢቀቡት ዋጋ የለውም። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ትናንት ወንድምዎ ብቻውን መጥቶ ነበር። ‘እባክዎ እንዳይነግሩት፣ ልቡ ስስ ነው’ አለኝ። ምኑን ብዬ ሳልጠይቀው እንባው ቀደመውና ወጣ። ምኑን እንደማልነግርዎ እስካሁን እያሰብኩ ነው።»

ሉቃስ ተጠርቶ ገባ። ዶክተሯ አንድ በአንድ ነገረችው፦ ካንሰር የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ክርን ነው።

«ክርን ብቻ?» አለ።

«ክርን ብቻ።»

ሳቀ፤ የዶክተሯን እጅ ሳመ፤ እኔን አቀፈኝ። ደረጃውን ስንወርድ ግን ሳቁ ቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ርቆ ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጠ። ቤት ስንደርስ ትዕግሥት ነገሩን ሰምታ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። «ያን ሁሉ ቀይ ሥር» እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ለሰባቱ ሰዎች ደወለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለምስጋና ደረሱ። ካንሰሩ መጀመሪያውኑ አልነበረም ብዬ ባስረዳቸው «ሃሌሉያ፣ አልነበረም ተባለ» አሉና ዘመሩ። ሉቃስ ከዝማሬው መሃል ተነስቶ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሞ «ስለምትሞት ነበር የታረቅሁህ» አለኝ። «አሁን ምን እንደማደርግህ አላውቅም።»

ለአፍታ፣ ምነው በሽታው በኖረብኝ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው እማማ ጫልቱ ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዝማሬያቸው ሞቅ ያለ ነው፤ ድምፅ ማጉያቸው ግን የእኛን ሦስቱን ያህላል፤ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ ቀርቶ ነበር። ሉቃስ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጥሚቱ ቀርቶ ሽሮ ተተካ፤ ለእሱ እንኳ ደስ አለኝ። ሰኞ ሉቃስ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሲወጣ «ደህና ዋል» ይላል፣ ሲገባ «ደህና አመሸህ» ይላል፣ ከዚያ በላይ የለም። የቤቱን ዝምታ ትዕግሥት በወሬ ልትሞላው ትጥራለች፤ ምስኪን፣ የአራት ሰው ወሬ ብቻዋን አወራች።

ማክሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት «ግባ አባት፣ ግባ» ብሎ ቀኝ ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ ሲስበኝ ኮከብ አየሁ። ጩኸቴን ሰምቶ ደነገጠና እስከ መካኒሳ ድረስ ቦርሳዬን ጭኑ ላይ ይዞልኝ ተጓዘ፤ ወርጄም ተከትሎኝ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ። እንደተባለውም ክርኔ በዚያ ሳምንት ባሰበት። ዶክተሯ «ነግሬዎታለሁ» አለችኝ። ተነግሮት የሚታመም ሰው ግማሽ ጤነኛ ነው።

ሐሙስ፣ አምስተኛውን ስጨርስ፣ እማማ ጫልቱ «ነገ ፉሪ መጥተህ እርጎ ትጠጣለህ» አሉኝ። የወንድሜን ኩርፊያ ነግሬያቸው ነበርና፣ መንገዱን አላውቀውም ብል «ወንድምህ ያውቀዋል፣ አይደል? በአንገቱ ጎትተህ አምጣው» አሉ። ትዕግሥት ይህን ስትሰማ ለሉቃስ ሌላ ምርጫ አልሰጠችውም።

ዓርብ

ፉሪ ከለቡ ሩቅ አይደለም፤ ግን አስፋልቱ ሲያልቅ እኛ አገር የደረስኩ መሰለኝ። በአዲስ ግንብ ቤቶች መሃል ላሞች ያልፋሉ፤ እበት ሸተተኝና ደስ አለኝ። እማማ ጫልቱ ደጃፍ ላይ ትልቋ ሴት ልጃቸው ተቀበለችን። ከየት እንደምንተዋወቅ ስታውቅ ሉቃስን ወደ ጎን ወሰደችው። «ጋሼ፣ እማዬ በሽታዋን አታውቅም። አደራ፣ እንዳታነሱባት» አለችው።

ሉቃስ «እሺ» አለ።

እማማ ጫልቱ እርጎውን በትልቅ ዋንጫ ሰጡን፤ ግራ እጄን አይተው ዋንጫዬን ራሳቸው እስከ አፌ ያዙልኝ። ስለ ላሞቻቸው፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ክርኔ እየቀለዱ ወገባችንን እስክንይዝ አሳቁን። ልጃቸው ዳቦ ልታመጣ ስትወጣ ወደ ሉቃስ ዞሩ። «ነገረችህ አይደል? ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ደግ ልጅ ናት። ግን አንድ ቀን እንኳ አጠገቤ ቁጭ ብላ ‘እማዬ፣ ፈራሽ?’ ብትለኝ ደስ ይለኛል።» ልጃቸው ስትገባ ወዲያው «ይቺ ጥቁሯ ላም ግን ሌባ ናት» አሉ።

ስንመለስ ሉቃስ ሚኒባስ አልፈለገም። በእግር ሄድን። አንድ ያላለቀ ግንብ አጠገብ ስንደርስ የተከመረው ብሎኬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔም እንደዛው አደረግሁህ፣ ጋሼ» አለ። «ሊሞት ነው ብዬ ሳስብ መጀመሪያ ያደረግሁት መደበቅ ነው። ሐኪሟን ሳይቀር ለመንኳት። አምስት ዓመት አንተን የጠላሁበትን ነገር ለመሥራት አንድ ቀን አልፈጀብኝም።»

«ስለምትወደኝ ነው» አልኩት።

«አንተም ስለምትወደኝ ነበር። ግን ቀማኸኝ።»

«ቀማሁህ» አልኩት። አምስት ዓመት ሙሉ «ለአንተ ብዬ ነው» ብዬ ለመመለስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ይህ ብቻ ነው። «ይቅር በለኝ።»

ብሎኬቱ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና «አሥራ ሁለቱን ቀን ንገረኝ። ሳትቀንስ» አለኝ።

ነገርኩት። የመጀመሪያውን ቀን ከእንሰቱ መሃል ደግፈን እንዳመጣናት። በአራተኛው ቀን ተሽሏት የዘነበችን ሹሩባ እንደሠራች። በሰባተኛው ቀን ከውሃ በቀር እምቢ እንዳለች። የሚያስቀውንም ነገርኩት፤ ሊጸልይላት የመጣውን ወንድም «አጠር አድርገው፣ ሾርባዬ ቀዘቀዘ» እንዳለችው። ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለዘነበችም ለማንም ያልነገርኩት።

«በአሥራ አንደኛው ቀን ‘ሉቃስ የት ደረሰ?’ አለችኝ። ‘መንገድ ላይ ነው’ አልኳት። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስት ጊዜ ዋሸኋት። በመጨረሻ ‘እንግዲያው በሩን አትዝጉበት’ አለች።»

ሉቃስ ቀና አለ። «ተዘግቶ ነበር?»

«አልተዘጋም። እስክትሞት ድረስ ክፍት ነበር።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። በአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎች መርዶ የተረዳን መስሏቸው ቆመው አጽናኑን። አንዱ ውሃ ገዝቶ ሰጠን።

ሰኞ

ስድስተኛውን ቅዳሜ ጨረስኩ። ከተመለስኩ አሁን ሁለት ወር አልፎኛል፤ ክርኔ እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ ሙሉ በሙሉ ድኗል አልላችሁም። ብርጭቆ አነሳለሁ፣ በር እከፍታለሁ፣ ለስለስ አድርጎ ለሚጨብጠኝ ቀኜን እሰጣለሁ። መዶሻ ገና ነው። ጨረሩ ይሁን፣ ዕረፍቱ ይሁን፣ የሰባቱ ሰዎች ጸሎት ይሁን ዶክተሯም እርግጠኛ አይደለችም። እማማ ጫልቱ ሕክምናቸውን አልጨረሱም፤ በስልክ እንነጋገራለን፤ ለልጃቸው እንደሚያውቁ ነግረዋታል። «ጆሮዋ ዳነ» አሉኝ።

ሰኞ ማለዳ ለቡ መናኸሪያ ስንደርስ ሉቃስ ቦርሳዬን ጭኖ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ከኪሱ ሁለት ትኬት አወጣና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ቡታጅራ ላይ ክትፎ በላን፤ ቆጮው ከእኛ እንደሚሳሳ እሱም መሰከረ። ከዚያ እስከ ሆሳዕና ድረስ የየጓሮውን እንሰት በመስኮት ሲያይ ተጓዘ።

ሆሳዕና የደረስነው ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። እናታችን የኖረችበት ቤት አሁን የእኔና የዘነበች ነው። ለዘነበች እንደምንመጣ ደውዬላት ስለነበር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሉቃስ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እኔም ከኋላው ቆምኩ። ጫማውን አወለቀ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገና፣ ቤቱ ውስጥ ለሌለ ሰው፣ በልጅነቱ ከጨዋታ አምሽቶ ሲገባ ይል በነበረው ድምፅ «ዘገየሁ» ብሎ ገባ።